‹ጊዜያዊ› ውስጥ የነበረው ደብዳቤ

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ! ከሰኞ ጀምሮ የቤታችን ኮምፒውተር ጠፍቶ በተከፈተ ቁጥር፣ ‹ጊዜያዊ› በተባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠን ጽሑፍ ማንንም ሳያማክር የሚያጠፋ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። አስተዳደሩ።»

አስተዳደሩ ማለት ምሥራቅ ናት፤ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ክብ ማኅተም ያላት። ማስታወቂያው በይጁቤ ገበያ መንገድ ዳር ባለው፣ ለሰው ደብዳቤና ክስ በሚጻፍበት ጽሕፈት ቤቷ በር ላይ፣ ማኅተም አርፎበት እንደ አዋጅ ተለጥፏል። ያነበበው ሰው የለም።

ረቡዕ በሰባት ሰዓት መብራት ጠፋ። በአሥር ሰዓት ሲመጣ ምሥራቅ ከቤቷ ተመለሰች። ጸሐፊዋ ደመላሽ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የተኛ መስሏት ኮምፒውተሩን ከፈተችና «ተነሥ እንጂ፣ መብራት መጣ!» አለችው። አልተነሣም። በሻይ ብርጭቆው ግርጌ፣ ወረቀት ለሚበሉት አይጦች የተገዛው መርዝ ዘቅጧል።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር አይናዲስ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የከተማው ፖሊስ ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት። ሁለተኛውን ጸሐፊ እንዳላማውን አስሯል።

«ትቀናበት ነበር ይላሉ» አለችው።

«አልቀናም ብዬ አልምልም። ሰው እኔ ዘንድ ፍቺ ያጽፋል፣ እሱ ዘንድ ዕርቅ። አንዷን ሴትዮ ‹እኔም እኮ እጽፋለሁ› ብላት፣ ‹የአንተማ ፊትህ ክስ ይመስላል› አለችኝ። ግን ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ረቡዕ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ያሳሰረኝም ይኸው ነው።»

«የምትጽፉትን የት ታስቀምጡታላችሁ?»

«‹ጊዜያዊ› ውስጥ። ድሮ ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጥ ነበር። ሰኞ የተጫነው አዲሱ ሲስተም ግን ሲፈጠር ጀምሮ አመሉ ማጽዳት ነው፤ ያዘዘው የለም።»

አይናዲስ ሰው አታምንም፤ ማሽንማ ጭራሽ። ስሟን ጽፋ ‹ጊዜያዊ› ውስጥ አስቀመጠች፤ ማሽኑን አጠፋች፤ መልሳ ከፈተች። ስሟ የለም። የፈታችው ባሏ እንኳ በዚህ ፍጥነት አልረሳትም።

ቀጥላ የምሥራቅን ባል ሙላትን አስጠራች። ሚስቱ ለደንበኛ ስትስቅ ጥርሷን የሚቆጥር ሰው ነው።

«ረቡዕ ሉማሜ ነበርኩ። የገባሁት አሥር ሰዓት ካለፈ ነው» አላት ሳትጠይቀው።

«ደመላሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ሙት አይወቀስም። ግን እውነቱን ልንገርዎት? ምሥራቅን ሊያስኮበልል ነበር! ‹እዚያ ቤት ያለው ሰው ዋጋሽን አያውቅም፤ ቅዳሜ በሉማሜው መኪና እጠብቅሻለሁ› ብሎ ጽፎላታል። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ አነበብኩት። አፍሮ ራሱን ያጠፋ ይመስለኛል።»

«ስሟን ጽፎታል?»

«ስሙማ ባዶ ነው። ታዲያ ዋጋዋን የማያውቀው ሰውዬ ማን ሊሆን ነው? እኔ ነኛ!»

ሙላት እንደወጣ፣ ከዲማ በኩል በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ገበሬ በሩ ላይ ቆሙ። አያ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ።

«ደብዳቤዬን ልወስድ ነው፣ ልጄ። ትናንት በስድስት ተኩል ለደመላሽ ነግሬው ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ አላስገባ አለኝ።»

«ምን የሚል ነው?»

ሽማግሌው በጆሮዋ ነገሯት። አይናዲስ ማስታወሻዋን ዘጋች።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ እንዳላማው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«አያ፣ ደብዳቤዎን ያሰሙን።»

«ባለቤቴ ተቀይማኝ ወንድሟ ቤት ገባች። ‹እዚያ ቤት ያለው ሰው ዋጋሽን አያውቅም፤ ቅዳሜ በሉማሜው መኪና እጠብቅሻለሁ› አልኳት።»

ምሥራቅ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ከደመላሽ ሌላ ለማን ነገሩ?»

«ላንቺ ብቻ፣ ልጄ።»

«ወረቀት ላይስ ታትሞ ነበር?»

«የፕሪንተሩ ቀለም ማክሰኞ አልቋል» አለች ምሥራቅ።

«ስለዚህ ደብዳቤው የነበረው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው» አለች አይናዲስ። «ከስድስት ተኩል በኋላ ተጻፈ። በሰባት መብራት ጠፋ፣ ማሽኑም አብሮ። በአሥር ምሥራቅ ከፈተችው፤ ‹ጊዜያዊ› ያኔውኑ ጸዳ። አስከሬኑ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሙላት፣ አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ምን አነበብክ? ያነበብከው ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሕይወት ካለው ሰው ትከሻ ኋላ ቆመህ ነው። ሉማሜ ሆኖ የይጁቤን ኮምፒውተር ያነበበ ሰው አላየሁም። አነበብክ፤ ከዚያ ሻይ ቀዳህለት።»

«እንደሚጠፋ ማን ነገረኝ?» ሲል አመለጠው።

«በሩ ላይ ተጽፏል። የለጠፈው ማን ነው?»

«እሱ ነው» አለች ምሥራቅ። «ሙጫው እስካሁን ጥፍሩ ሥር አለ። ሙላት፣ እኔን ብትጠይቀኝስ ኖሮ?»

ሙላት መሬት መሬት እያየ በፖሊሶቹ መካከል ወጣ።

ካቴናው የተፈታለት እንዳላማው የደመላሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቅዳሜ ነገ ነው፤ ቀለም የለም። እስክሪብቶ አነሣና ሽማግሌው ያሉትን ቃል በቃል ጻፈ። በዕድሜው የጻፈው የመጀመሪያው ዕርቅ ነው።

«ስሟን ማን ልበል?»

«ባዶውን ተወው። ራሴ እሞላዋለሁ፤ እኔ መጻፍ የምችለው ስሟን ብቻ ነው።»

አይናዲስ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። «አያ፣ ረቡዕ ስሟን አስጽፈው ቢሆን ደመላሽ ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር። ለምን ደበቁት?»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። እንዳላማውን፣ ሚስታቸውን ሊነጥቅ እንደመጣ ወንድ፣ ከእግር እስከ ራሱ ገላመጡት።

«አልናገርም።»