ድርሻ መዛኙ

በቬነስ ደመና ላይ በሚንሳፈፈው ጣቢያ ለጉባኤ የምርምር ጽሑፍ መላክ ተራ ነገር ነበር። ደራሲዎቹ ማን ምን እንደሠራ፣ የየትኛው ተቋም ባልደረባ እንደሆነም ድርሻ መዛኙ ለሚባለው የጣቢያው ማሽን ይነግሩታል፤ እሱ ቤተ ሙከራው ያየውን ሁሉ የሚይዝበትን ትውስታ አገላብጦ ያመሳክርና ይልከዋል።

ያን ዕለት ግን የናሁሰናይንና የመምህሩን የዶክተር ውብአንቺን ጽሑፍ መለሰው። ሁለቱም ዋሽተዋል አለ።

የአሲድ ደመናውን የሚቋቋመውን አልጌ፣ ያን ደቃቅ የውኃ ተክል፣ ያራባው ናሁሰናይ ነው። ሆኖም ከመምህሩ ፊት መቅደም ነውር ሆኖበት ሥራውን ሁሉ ለእሳቸው ሰጠ። እሳቸውም በበኩላቸው ምንም አልሠራሁም ብለው ቅጹን ሞሉ። ያገራችን ሰው ደመና ላይ ወጥቶም ይሉኝታውን አይጥልም። ጣቢያው የሚያስቀረው ደግሞ ቀዳሚውን ደራሲ ብቻ ነው፤ ሌላው በሚቀጥለው መርከብ ወደ ምድር ይመለሳል። ናሁሰናይ እዚያው ጣቢያ መቅረቱን ክፉኛ ይፈልገዋል፤ ተናግሮት ግን አያውቅም።

መዛኙ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድርሻ በአንደበታቸው እንዲናገሩ ጠየቀ። ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ።

ዶክተር ውብአንቺ ሳቅ አሉና፣ “ተናገር እንጂ ልጄ። እኔን አከብራለሁ ብለህ ሌባ ልታደርገኝ ነው?” አሉት።

“ሥራው የእኔ ነው” አለ። አፈረ፤ ደስም አለው። መዛኙ ተቀበለው።

እሳቸው ተራቸው ሲደርስ ከማረም በቀር ምንም እንዳልሠሩ ተናገሩ። መዛኙ ይህንንም ሐሰት አለው። አልጌው ሁሉ በሞተበት ሰሞን ናሁሰናይ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ሲሸክፍ፣ መጥተው አጠገቡ መቀመጣቸውን፣ እስኪረጋጋም አብረውት መቆየታቸውን ቤተ ሙከራው ያስታውሳል።

“ያለዚህ ጽሑፉ አይኖርም ነበር፤ ለድርሻው ግን ስም የለኝም” አለ መዛኙ።

ሁለቱ ተያዩ። “አይዞህ ባይ በለው” አለ ናሁሰናይ። መዛኙም እንደዚያው መዘገበ፤ ጽሑፉ ተላከ።

ዶክተር ውብአንቺ በመርከቡ ሄዱ። ናሁሰናይ ሲሸኛቸው አለቀሰ፤ ከዚያም በተመኘው ጣቢያ ሥራውን ቀጠለ።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ብቻውን ጨርሶ ሲያስገባ መዛኙ ያዘው። ‘አይዞህ ባይ’ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ማን ነበር ሲል ጠየቀው። ናሁሰናይ ማንም አልነበረም ብሎ መለሰ።

መዛኙ ትውስታውን አገላበጠ።

“እውነት ነው” አለና ላከው።