የእግረኛው አሥራ ሁለት ሰከንድ

መርማሪዋ የደረሰችው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሟቹ በትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጥበቃው የገዛ ካፖርቱን አልብሶታል።

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ» አለ ጥበቃው። «ሮጬ ስመጣ ትንፋሽ የለውም። ወዲያው ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የሚባል የለም። እንግዲህ ራሱን ነው የጣለው ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

ጥበቃው ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት በአገጩ ጠቆመ።

መርማሪዋ ተንበርክካ ካፖርቱን ገለጥ አደረገች። የሟቹ የቀኝ እጁ ጎን አብጧል፤ በተላጠው ቆዳ ውስጥ ሰማያዊ የቀለም ቅርፊት ተሰክቷል። ሁለቱም መዳፎቹ በዝገት ቀልተዋል። ቀና ብላ ግድግዳውን ተመለከተች። ከጣሪያው የሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ አጋማሹ ላይ ማያያዣው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና አንብባ፣ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በሦስተኛው ፎቅ ቢሮው ውስጥ ክራቫቱን አላልቶ ተቀምጦ ነበር።

«ሰሞኑን ከራሱ ጋር ነበር የሚያወራው» አለ። «ጎበዝ አጥኚ ነበር፤ ግን ሥራው ጨነቀው መሰለኝ።»

«ሥራው ምን ነበር?»

«የትራፊክ ማሻሻያን ጥቅምና ጉዳት መመዘን። ከስድስት ወር በፊት እዚህ ፊት ለፊት ያለውን መስቀለኛ መንገድ አስተካከልን። አላሰፋነውም፣ ድልድይ አልገነባንበትም፤ የመብራቱን ሰከንድ ብቻ ነው ያሸጋሸግነው። መኪና ቆሞ የሚጠብቀው ጊዜ በግማሽ ቀነሰ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ጥናቱን ለእንግዶች አቅርበን፣ በከተማው መብራት ሁሉ ላይ እንዲሠራበት ልናስወስን ነበር። እርስዎስ በዚህ በኩል አይደል የሚመጡት? ልዩነቱን አላዩትም?»

አይታዋለች። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ በዚያ በኩል ስታልፍ፣ ያን መንገድ ያስተካከለውን ሰው ስድስት ወር ሙሉ ስትመርቅ ነው የከረመችው።

«አይቻለሁ» አለች አጠር አድርጋ።

ጥናቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። በጥቅም በኩል የአሽከርካሪ ጊዜ፣ ነዳጅ፣ የአውቶቡስ ምልልስ ተዘርዝሯል። በጉዳት በኩል አምፖል፣ ሽቦ፣ የጥገና ቀናት አሉ። ከሥር «እግረኛ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው።

«ይህ ለምን ሳይሞላ ቀረ?»

«መረጃው አልተሟላም ነበር» አለ ኃላፊው፤ ብዕሩን ከፍቶ መልሶ ገጠመው።

ጸሐፊዋን ከቢሮው በር ውጭ አገኘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሽ ሚዛን ነበር የምንለው» አለች። «ሳይመዝን አይናገርማ። በሳምንት ሦስት ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚሻገረውን ሰው ይቆጥራል። አንዲት አሮጊት መሃል መንገድ ላይ ቀይ በርቶባቸው ተገጭተው እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ‹እኚህን ሴትዮ የት ላስገባቸው? ጥቅሙ ውስጥ ነው ጉዳቱ ውስጥ?› ይለኝ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ። ሙቀት ነው ብሎ ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ፤ ስልኩም እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ። ባለቤቱ ስትደውል ሲጮህ ነበር።»

«ከሦስት ሰዓት በኋላ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ከኃላፊው ጋር፣ ቢሮው ውስጥ ወረቀት ስናሰናዳ። ሰውዬው ወደቀ እስኪባል ሁለታችንም አልወጣንም።»

«ከላይ የተሰማ ነገር የለም? ጣሪያው እኮ ልክ በላያችሁ ነው።»

ጸሐፊዋ ስቴፕለሯን ከፈተች፤ ዘጋች። «አናጢዎች ነበሩ መሰለኝ» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

መርማሪዋ ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ሲያልቅ ሁለት በር ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ የመብራት መቆጣጠሪያው ክፍል፣ ሌላው ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ሰማያዊ በር። መቀርቀሪያው በደረጃው በኩል ነው። ወደ ጣሪያው ወጥታ በሩን በውጭ በኩል አየችው። ደረት አካባቢ ቀለሙ ትኩስ ተልጧል። የአናጢ ወሬ የለም፤ የእንጨት ፍቅፋቂ እንኳ አልወደቀም።

ደረጃው ላይ የመብራት ቴክኒሻኑ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ ያስገባውም ሟቹ ነበር።

«የእህቴ ባል አይበሉት» አላት። «አባቴ ነበር።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«መስቀለኛው ላይ አምፖል ስቀይር። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ። ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ብቻ። በፊርማ ነው የተረከብኩት፤ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ አመስግናው ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም በስብሰባው አዳራሽ አስቀመጠቻቸው። ለእንግዶች የተደረደረው የውኃ ጠርሙስ እንዳልተነካ ነው። የሟቹ ሚስት አስከሬኑን አይታ መጥታ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች፤ እጁን ይዛዋለች።

«ራሱን አልጣለም» አለች መርማሪዋ። «መዳፉ በዝገት የቀላው የአሸንዳውን ቱቦ ጨብጦ ሲወርድ ነው። መሞት የፈለገ ሰው እንዲህ አጥብቆ አይዝም። ታዲያ በሩ ክፍት ከሆነ በቱቦ መውረድ ለምን አስፈለገው?»

ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«በሩ ክፍት አልነበረም። እጁ ላይ ያገኘሁት ቀለም ከዚያ በር የተላጠ ነው። ሲደበድበው ነበር። አንድ ሰው በመቀርቀሪያ ዘጋበት፤ ከወደቀ በኋላም ተመልሶ ከፈተው። ኃላፊውና ጸሐፊዋ አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ አንዳቸው ለሌላቸው ምስክር ናቸው። ጥበቃው በር ላይ ነበር፤ የገቡትን እንግዶች በስም መዝግቧል።»

ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች።

«ይህ የሟቹ የመጨረሻ ቆጠራ ነው። አረንጓዴ በበራ ቁጥር የተሻጋሪውን ብዛትና ሰከንዱን ይጽፋል። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሁሉም አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት እያለ ይወርዳል። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ግን በድንገት ሃያ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሃያ ከጻፈ በኋላ ቆጠራው ቆመ። እርሱ እያየ አንድ ሰው ሰከንዱን ለወጠው። ይህን ለመናገር ሊወርድ ሲል ነው በሩ ተዘግቶ የጠበቀው። ሰከንዱ የሚለወጠው ከመቆጣጠሪያው ክፍል ነው፤ ክፍሉ ከበሩ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ቁልፉ ደግሞ...»

«እኔ ዘንድ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

እህቱ እጁን አልለቀቀችም፤ ገና አልገባትም።

«ጥናቱ ለእግረኛ ሃያ ሰከንድ ነበር የሚለው» አለ ወደ ወለሉ እያየ። «‹አሥራ ሁለት አድርገው፣ መኪናው ይፍሰስ› ተባልኩ፤ በቃል። እኔም አደረግኩት። ዛሬ ደግሞ እንግዶቹ ወርደው መንገዱን ስለሚያዩ ‹ወደ ሃያ መልሰው› ተባልኩ። እሱ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። የሰከንድ መቁጠሪያውን ይዞ ሲገባብኝ ፊቱን እንዴት እንደማይ ጨነቀኝ። ስብሰባው እስኪያልቅ ብዬ መቀርቀሪያውን ገፋሁት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«አንኳኳ። እኔ መሆኔን አውቋል። ‹ልጄ፣ ክፈትልኝ፤ አልቆጣህም› አለኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ እከፍት ነበር። አልቆጣህም ሲለኝ ይበልጥ አፈርኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዝም ሲል የተወው መሰለኝ። በቱቦ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም። ከክፍሉ መስኮት ወድቆ ሳየው በሩን ከፍቼ በፊት ለፊት በር ወጣሁ።»

ሚስትየው እጇን ከእጁ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች፤ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ስንት ደቂቃ ለመነህ?»

«ሃያ።»

ጸሐፊዋ ድንገት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እትዬ፣ እኔም ሰምቻለሁ። አናጢዎቹ ባለፈው ሳምንት ጨርሰው መሄዳቸውን እያወቅኩ ነው አናጢዎች ናቸው ያልኩት።»

«አናጢ ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ኃላፊው። «የተዘጋበት አልመሰለኝም። የተናደደ መሰለኝ። ስብሰባው እስኪያልቅ ቢናደድ ምን አለበት ብዬ... መስኮቱን ዘጋሁ።»

«ሰከንዱን ያስቀነሱትስ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ።»

የሦስቱንም ቃል ጻፈች፤ ሦስቱም ፈረሙ። መስማትና ዝም ማለት በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ ለጊዜው ትዝ አላላትም። እርሷም በየማለዳው በዚያ አረንጓዴ ስታልፍ፣ ያተረፈችው ጊዜ ከማን የተቀነሰ እንደሆነ አንድ ቀን አስባ አታውቅም። ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሴትየዋን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

ሚስትየው የባሏን ኮት ከወንበሩ አስመጥታ ክንዷ ላይ አደረገችና ተነሳች።

«መኪናዬ ታች ናት፤ ላድርስዎት» አለ ኃላፊው ጠረጴዛውን እያየ።

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ደረጃውን ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ምናልባት ትንፋሽ ልትሰበስብ፣ ምናልባት ቤቷ ድረስ የሚሸኛት ሰው ልትጠብቅ። በአዳራሹ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለችና የምትይዘው እንደጠፋት መልሳ ተቀመጠች። መርማሪዋ የቴክኒሻኑን ክንድ ይዛለች፤ ምክንያት አላት፤ ምክንያት ያላት መሆኑም አሳፈራት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጫማው ድምፅ ብቻውን መውረዱን ቀጠለ።