በጥቁር ቀለም የተሰረዘው የስፌት ቁጥር

ጦርነቱ በተነሣ በሁለተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሁለት ወር ተኩል ሲቀረው፣ በጫማ ሰፊዎች መደዳ ሃያ ሦስት ሱቆች በራቸውን ከፍተው ነበር፤ ሃያ አራተኛው ግን ተዘግቶ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ደጃፉን ሲደበድበው ይውል ነበር። ባለቤቱ የባሕር ማዶ ዘማች ሻለቃ ጦር አሥር አለቃ ሆኖ በመርከብ ከተሻገረ ስድስት ወር አልፎታል። በመደዳው ደግሞ ከአያት የወረደ ደንብ ነበረ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ እያንዳንዱ ሱቅ በራሱ ቤት እጅ የተሰፋ አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ በበሩ ላይ ይሰቅላል፤ ያልሰቀለ ሱቁን ለሌላ ይለቃል። ደንቡን ያወጣው ሰው ጦርነት የሚባል ነገር መኖሩን ረስቶት ነበር መሰል፣ ስለ ዘማች አንዲት ቃል አልጨመረበትም።

የመደዳው አለቃ፣ መነጽራቸውን በሲባጎ አስረው የሚሄዱ ሽማግሌ፣ ወደ ዘማቹ ሚስት መጡ።

«ልጄ፣ ጨክኜ እንዳይመስልሽ፤ ኮርቻ ሰፊው ሱቁን ስጡኝ እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል። ደንቡን ለአንቺ ብዬ ባጥፈው ነገ ማን ይሰማኛል?»

«አባባ፣ ደንቡ የሚለው በቤቱ እጅ ነው ወይስ በወንድ እጅ?»

ሽማግሌው ደንቡን በልባቸው ደገሙት። «በቤቱ እጅ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ቤቱ እኔ ነኝ» አለች።

አፏ ደፈረ እንጂ እጇ ወስፌ ጨብጦ አያውቅም ነበር፤ በአምስት ዓመት ትዳሯ ክር ሰም ከመቀባትና ደንበኛ ከማስተናገድ አላለፈችም። ሌላ ሰፊ እንዳትጠይቅ ደግሞ በዚያ መደዳ ስፌት የየቤቱ ምስጢር ነበር፤ እያንዳንዱ ሰፊ የሶሉን ስፌት በቀጭን የቆዳ ከንፈር ይሸፍነዋል፤ የሌላውን ቤት ስፌት መጠየቅም መንገርም ነውር ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን ለባሏ ጻፈች፤ ሱቃችን ሊወሰድ ነውና ጫማ መስፋት በደብዳቤ አስተምረኝ አለችው።

መልሱ በስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። እንዲህም ይላል፦

«ይድረስ ለክብርት ባለቤቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ ደኅና ነኝ። የሶሉን ቆዳ በውኃ ■■ ሰዓት ንከሪው፤ ከጠርዙ ■■ ገባ ብለሽ መስመር አስምሪ፤ በአንድ የክብሪት ቀፎ ርዝመት ■■ ቀዳዳ ብሺ፤ ከዚያ ክሩን ግራና ቀኝ አሳልፈሽ ሳትራሪ ሳቢው። ሱቁን አደራ።»

ቁጥሮቹን በጥቁር ቀለም የደፈናቸው የሻለቃው ጦር ደብዳቤ መርማሪ መቶ አለቃ ነበር። ይህ መኮንን ከጦርነቱ በፊት የሒሳብ መምህር ስለ ነበረ ቁጥር ባየበት ሁሉ የተደበቀ ነገር ይታየዋል፤ «ሰው ለሚስቱ እንዲህ ይጽፋል? ናፍቆት የለ፣ ፍቅር የለ፤ ቁጥር ብቻ!» ብሎ ብዕሩን አነሣ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አልፈርድበትም።

ሚስቲቱም ያችኑ ነገር ነበር ያለችው። «ኧረ ጉድ! እኔ ሚስቱ ነኝ ወይስ ወስፌው?» ብላ ደብዳቤውን ገልብጣ ጀርባውን ፈተሸች፤ አንዲት የፍቅር ቃል አጣችበትና ከፋት። ሲያጫትም ቢሆን እንዲሁ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ እሱ የገዛ ጫማውን ሲመለከት ነው የዋለው። ቁጥሮቹ መሰረዛቸውን ጽፋ ላከችለት፤ ነገር ግን መልሱ ከሰኞው በፊት እንደማይደርስ ጣቷን ቆጥራ ዐወቀች።

በሱቁ ውስጥ ለሁለት ጥንድ የሚሆን ቆዳ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ነክራ አበላሸችው፤ ቀዳዳውንም አራርቃ በሳችውና ሶሉ ገና ከእንጨት ፎርማው ሳይወጣ አፉን ከፈተ። ኮርቻ ሰፊው በበሩ ሲያልፍ አይቶ፣ «እንኳን ደስ አለሽ እቴ፤ ጫማሽ መናገር ጀመረ!» አላት።

«ጀምሯል፤ መጀመሪያ የጠራውም የአንተን ስም ነው» አለችውና በሩን ዘጋችበት። ከዘጋችው በኋላ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለአንድ ጥንድ የሚሆን ቆዳና ዐሥር ቀን ቀርቷታል። በማግስቱ ጠዋት ቁራጭ ቆዳ በውኃ ነክራ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቆዳው አረፋ እየተፋ ቆይቶ፣ አረፋው ሲቆም ብታጥፈው ሳይሰነጠቅ እሺ አላት። የመንከሩ ነገር በዚህ ተፈታ። የስፌቱን ቁጥር ለማወቅ ግን የባሏ እጅ ያረፈበት ጫማ ያስፈልጋል፤ ባሏ ከመዝመቱ በፊት የሁሉንም ደንበኛ ሥራ አስረክቦ ስለ ነበር፣ በቤቱ የቀረው የእሱ ሥራ የሠርጓ ጫማ ብቻ ነበር።

ሣጥኑን ከፍታ ጫማውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ አሳዘናት። በመጨረሻ «ሱቁ ከሄደማ ተጫምቼሽ የት ልሄድ ነው?» አለችና የግራውን ከንፈር በቢላ ገልጣ ክሩን አንድ በአንድ ፈታችው። መስመሩ ከጠርዙ ምን ያህል እንደሚገባ በክር ለክታ፣ የክብሪት ቀፎ አጋድማ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች፤ ዐሥራ አንድ ሆኑ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ዐሥራ አንድ።

ሰኞ ዕለት አለቃው ሃያ አራቱንም በሮች እየዞሩ ጎበኙ። የእሷን ጫማ አወረዱ፣ አጠፉት፣ እንደ ደንቡም ከንፈሩን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው ስፌቱን ተመለከቱ። ስፌቱ ከወትሮው ጠብቆባቸው ነው መሰል፣ አንድ ነገር ሊናገሩ ቃጥቷቸው ተዉት። «በቤቱ እጅ የተሰፋ ነው። ስቀይው ልጄ» አሉ፤ ኮርቻ ሰፊውም ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «በይ እንግዲህ፣ ለእኔም አንድ ጥንድ» አላት።

በባሕር ማዶ ግን የእሷ ስሞታ ደርሶ፣ አሥር አለቃው መርማሪው መቶ አለቃ ዘንድ ተጠርቶ ቆሞ ነበር።

«ዘጠኝ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ነው፣ ክቡር መቶ አለቃ።»

«ዘጠኝ መድፍ?»

«ዘጠኝ ቀዳዳ። ካላመኑኝ የእርስዎን ጫማ እንቁጠረው፤ ስድስት ብቻ ነው፤ ውኃ የሚያስገባውም ስለዚህ ነው።»

መቶ አለቃው ዘመቻውን በሙሉ ካልሲው ሳይደርቅለት ነበር የከረመው። ጫማውን አወለቀ፤ ቆጠረ፤ በእርግጥም ስድስት ነበር። አሥር አለቃው በዘጠኝ አድርጎ ሰፋለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የመቶ አለቃው እግር ደረቀ፣ ቁጥሮቹም ሳይነኩ ማለፍ ጀመሩ።

እንዲህም ሆኖ ትክክለኛው ደብዳቤ ከሰኞው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ፤ «በአንድ የክብሪት ቀፎ ርዝመት ዘጠኝ ቀዳዳ» ይላል። ሚስቲቱ የተፈታውን ጫማዋን አምጥታ እንደገና ቆጠረች። ወዲያውም ጻፈች፦ «ሱቃችን ተርፏል። ነገር ግን በደብዳቤህ ዘጠኝ፣ በሠርግ ጫማዬ ዐሥራ አንድ ነው። ተሳስተህ ነው?»

የዚህም መልስ ስድስት ሳምንት ፈጀ።

«ይድረስ ለክብርት ባለቤቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል። አልተሳሳትኩም። ዘጠኝ ለገበያ ነው። ያኔ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ስላላወቅሁ ሁለት ጨመርኩ።»

ደብዳቤውን ፎርማዎቹ መካከል ቆማ አነበበችው፤ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ፤ ደንበኛ ሲገባም ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ «ምን ልታዘዝ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ለማንም በዘጠኝ አልሰፋችም። ሥራው ዘገየ ብሎ የሚያጉረመርም ደንበኛ ሲመጣ፣ «ዘጠኙን ሌላ ቤት ያገኙታል» ትለዋለች።

ጦርነቱ አልቆ አሥር አለቃው በሰላም ሲመለስ ሚስቱ ከሁሉ አስቀድማ ያን የተፈታውን የግራ ጫማ አቀረበችለት።

«በስንት ልስፋው?» አላት።

«እኔ ምን ዐውቄ» አለችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰፋው፤ ከንፈሩን ሳይሸፍንም አሳያት፤ ዐሥራ ሦስት ነበር።

የዚያ ጦርነት ታሪክ ተጽፏል። ሻለቃው ጦር የያዘው ኮረብታ በሁለት ገጽ ተተርኳል፤ ከአሥር አለቃው ደብዳቤዎችም የመጀመሪያው ተገልብጦ፣ «አጠራጣሪ ቁጥሮች» የሚል ማኅተም ተመትቶበት በመዝገብ ቤት ተቀምጧል። ቁጥሮቹ ምን እንደ ነበሩ ግን መዝገቡ አይናገርም። ከመቶ አለቃው በቀር ያን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በዚያው ሱቅ፣ ጎን ለጎን በሁለት በርጩማ ተቀምጠው፣ እስኪያረጁ ድረስ በዐሥራ አንድ ሰፉ።