«ይቆይ» የሚለው ወገን

ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችበት የፈረንጆች በጋ ነው። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንዲት የኪራይ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ስለ አብዮትና ስለ ነጻነት እንከራከር ነበር። ደንባችን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የማያምንበትን ወገን ይዞ ይሟገታል። እንዳንጣላ ብለን ነበር ያወጣነው። እኔን ግን ከፍቅሬ ጋር ገና ሳንተዋወቅ አጣላኝ!

የዕለቱ ጥያቄ «አዲስ ነጻ በወጣ አገር የዜጋው ነጻነት አሁን ይሁን ወይስ ይቆይ?» የሚል ነበር። እኔ «ይቆይ» ደረሰኝ።

«መጀመሪያ አገር ይቁም!» አልኩ ጠረጴዛውን እየመታሁ። «ጥያቄ የሚያበዛ ቢታሰርም ለአብዮቱ ሲባል ነው!»

«አታፍርም?»

ዞር ስል በሩ ላይ ኪቦርድ ያቀፈች ልጅ ቆማለች። እሁድ እሁድ አዳራሹን ከሚከራዩት የጴንጤ ዘማሪዎች አንዷ ናት። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። እንዲህ የሚያምር ቁጣ አይቼ አላውቅም።

«አባቴ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ስንት ዓመት ታሰረ! የታሰረ ወንድም ቢኖርህ እንዲህ አትልም ነበር!»

 አዲስ አበባ ያደግኩ ኤርትራዊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን በረሃ ወርዶ ለነጻነት ታግሏል፤ ነጻ በወጣች አገሩም አንድ ጥያቄ ጠይቆ ታሰረ። አስመራ ላለችው እናቴ እየሰጋሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አዳራሹን ረሳሁት። አንድ ቀን ሽቫንሃይም በሚባለው ሰፈሬ፣ ቤቴ አጠገብ ካለው ፌርማታ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ዘርእዝጊ... ጽጌ እባላለሁ። ስምህንም ደንቡንም ጓደኞችህ ነገሩኝ። አፈር ልብላ! በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ በል አንተም ስደበኝ።»

«አልሰድብሽም» አልኳት። «የታሰረ ወንድም አለኝ።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ስሙ ማነው?» አለችኝ።

ስሙን ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር። ከፌርማታው ጀርባ ወዳለው ጫካ እየሄድን አለቀስኩ። አብራኝ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

ግን ወንድሜ ታስሮ እኔ ልደሰት? «እወድሻለሁ» የምትለዋን ቃል ለነገ እያልኩ አቆየኋት። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ጽጌ የቅዳሜው ክርክር ውስጥ ገብታለች፤ እኔ ግን አልተመለስኩም።

«ሃምቡርግ የሙያ ሥልጠና፣ አውስቢልዱንግ፣ አግኝቻለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«እሱ ነገር... ትንሽ ይቆይ።»

«አንተም እንደ አብዮቱ ነህ! ሁሉም ነገር ይቆይ! ሰውስ እስኪያረጅ?»

ጥላኝ ወደ ቤቷ ሄደች። ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጄ፣ ስለ እኔ አትስጋ» አለችኝ። «የወንድምህን ስም ጥራልኝ። ልጅቷንም አታስጠብቃት።»

ቅዳሜ ጽጌን ፍለጋ አዳራሹ ስደርስ ያው ጥያቄ ተመልሶ ቀርቧል። «ይቆይ» የደረሳት ጽጌ ናት! 

«ሰው ይጠብቅ። እናት ትጠብቅ። ሴትም ትጠብቅ...» አለችና አየችኝ።

ደንቡን ጥሼ የማምንበትን ልናገር ተነሳሁ።

«ወንድሜ ገብረእግዚኣብሄር ይባላል። ነጻነቱ ይቆይ ስለተባለ እስር ቤት ነው። እኔም ፍቅሬን ይቆይ ስል ልጣት ነው። ጽጌ፣ እወድሻለሁ! አግቢኝ... አሁን ወይስ ይቆይ?»

 በደንቡ ከሆነ «ይቆይ» ማለት ነበረባት። እንባዋን ጠረገች።

«ደንቡ ይቆይ!» አለች።

ሃምቡርግ አብሬያት ሄድኩ። ወንድሜ ገና አልተፈታም፤ ሠርጋችን ላይ ከጎኔ ያለውን ወንበር ለእሱ ብለን ባዶ ተውነው። ማታ ማታ ስንጸልይ ስሙን ጮክ ብላ የምትጠራው ጽጌ ናት።