በመቁጠሪያው ክፍል የተገኘው ኩባያ

አረጋውያኑ ምዜ ጊቲንጂ፣ ምዜ ሙሪኡኪና ማማ ንጆኪ የጋቱይኒ መንደርን ቤተ ክርስቲያን ሲያቆሙ የመባን ገንዘብ እንደ እሳት ይፈሩት ነበር። መባ የሚቆጥር ሰው ኮቱን ከመቁጠሪያው ክፍል ደጃፍ ሰቅሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይገባል። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አይቆጥርም። በሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፎቹንም ሁለት ሰዎች ተካፍለው ይይዙ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን ወንበራቸውን እንጂ ፍርሃታቸውን አልወረሰም። ሁለቱን ቁልፍ በአንድ ተካና ነገሩን «ዘመናዊ አሠራር» ብሎ ሰየመው።

ሰኞ ጧት የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ምዜ ጋቶጎ በዚያው ክፍል ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ጥቁር ኮታቸው እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል፤ የበሩ ቁልፍም በኪሳቸው አለ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ፔርሙዝና በግማሽ የተጠጣ ኩባያ ተቀምጧል። ኩባያው ለቡና ተክል የሚረጨውን መርዝ ይሸታል።

ኢንስፔክተር ዋሩጉሩ ከካራቲና ከተማ ስትደርስ ወጣቱ ፓስተር ሙቺሪ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሶ ነበር።

«ፔርሙዙ የማማ ዋማይታ ነው፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል?» አለ፣ ለተሰበሰበው ምእመን ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፖሊሶቹ ይውሰዷቸው!»

ማማ ዋማይታ ከሟቹ ጋር ለብዙ ዘመን መባ የቆጠሩ መበለት ናቸው። እርሳቸው ከታሰሩ ወላጅ የሌላቸው ሁለት የልጅ ልጆቻቸው አሳዳጊ የላቸውም። ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው ከመኪናው አጠገብ ቆመዋል።

«መኪናው ይጠብቅ» አለች ዋሩጉሩ፤ ተንበርክካም አስከሬኑን በጎኑ አዞረችው። የኮቱ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ ቡናማ ሆኗል፤ ከተቆረጠ ሙዝ የሚፈሰው ወተት ልብስ ላይ ሲደርቅ የሚተወው ዓይነት ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን የሙዝ ልጣጭ እንኳ የለም።

አስቀድማ ማማ ዋማይታን አነጋገረች።

«ማማ፣ ፔርሙዙ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው ልጄ። ትናንት ምእመናን በዓይነት ያመጡት መባ በግቢው ሲጫረት ሻይ እሸጥ ነበር። ጨረታው ሲሞቅ ከጠረጴዛዬ ላይ አነሡብኝ። ጣሪያ የሚሰረቅበት ቤተ ክርስቲያን ፔርሙዝ ቢሰረቅ ምን ይገርማል?»

«ጣሪያ?»

«ለመበለቶች የተሰጠውን ገንዘብ የሕንፃ ኮሚቴው ‹ለቆርቆሮ በብድር› ብሎ ወሰደው። እስቲ ቀና በይ! ቆርቆሮው የታለ? ጋቶጎ ‹ለመበለት የተሰጠ ለሌላ አይውልም፤ በሚቀጥለው እሑድ ለሕዝቡ እናገራለሁ› ብሎ ነበር።»

«ኮታቸው ትናንት ቆሽሾ ነበር?»

«ከጨረታው በኋላ ቆጥረን ስንወጣ ከደጁ መስቀያ አውርጄ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ነጠብጣብ አልነበረበትም።»

የሕንፃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ምዜ ኪራጉ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው። አርባ ዓመት ከፊት ወንበር ሳይነሡ ጸልየዋል፤ ዘንድሮ ደግሞ ለአውራጃው ምክር ቤት ተወዳድረዋል። ምግባራቸው የጎደለውን ያህል የአንገታቸው የወርቅ ሰንሰለት ወፍራም ነው።

«ምዜ፣ ከጨረታው ምን ገዙ?»

«የሌላው ኪስ የማይደርስበትን ነዋ! ስድስት ዘለላ ሙዝ። በቤተ ክርስቲያኑ የእጅ ጋሪ ወሰድኩ፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ራሴ ገፍቼ መለስኩ። ሌላ ቢሆን ጋሪውን ያስቀረው ነበር።»

«ሌሊቱን ለሰው አላዋሱትም?»

«የእግዜርን ንብረት? ከአጥር ግቢዬ አልወጣም።»

«መባ ቆጥረው ያውቃሉ?»

«ሳንቲም መልቀም የትንሽ ሰው ሥራ ነው። ያንን ክፍል እግሬም ረግጦት አያውቅ።»

ፓስተር ሙቺሪ ሲጠየቅ ፊቱን አኮሳተረ።

«ከሟቹ ጋር ተጋጭታችኋል አሉ።»

«በሶዳ! አዲስ በመጣሁ ሰሞን ጠርሙስ ይዤ ወደዚያ ክፍል ብገባ በሰው ፊት አስወጡኝ። ‹እዚህ ውኃ እንኳ አይጠጣም፤ በኩባያ ውስጥ ሳንቲም ይደበቃል› አሉኝ። የገጠር ልማድ! የበሩን ሁለት ቁልፍ ወደ አንድ ያመጣሁትም እንዲህ ያለውን ልማድ ለማስቀረት ነው።»

ዋሩጉሩ ሁሉንም በአዳራሹ ሰበሰበች።

«ይህን ግድያ ያቀናበረው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን አያውቅም» ብላ ጀመረች። «በመቁጠሪያው ክፍል ውስጥ አይጠጣም። ምዜ ጋቶጎ ፓስተራቸውን ያስወጡበትን ነገር ራሳቸው አያደርጉትም። እንግዲህ መርዙን የጠጡት ሌላ ቦታ ነው፤ ኩባያው የመጣው በኋላ ነው። ኮታቸውም እስከ ላይ ተቆልፏል፤ ቆጣሪ ደግሞ ኮቱን ሳይሰቅል አይገባም። በእግራቸው አልገቡም፤ ሞተው ነው ያስገቧቸው።»

«ማን?» አለ ፓስተሩ።

«ማማ ዋማይታ ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ እርስዎም ተዋርደው ተምረውታል። ሁለታችሁም ብትሆኑ ኩባያ አታኖሩም፤ ኮቱንም ከደጅ ትሰቅሉ ነበር። ሥርዓቱን የማያውቀው እዚያ ክፍል ገብቶ የማያውቀው ነው።»

ምዜ ኪራጉ ሳቁ። «አለማወቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ነገር ግን ትናንት ንጹሕ የነበረው ኮት ዛሬ ጀርባው በሙዝ ወተት ቡናማ ሆኗል፤ ሰውዬው ተንጋለው የተጫኑበት ጋሪ ሙዝ የተጫነበት ነው። ጋሪውም እስከ ጎሕ ድረስ ከእርስዎ አጥር አልወጣም ብለዋል፤ እኔ አላልኩም። ለሻይ ብለው ጠሯቸው፣ በተሰረቀው ፔርሙዝ ቀዱላቸው፣ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፣ በሩን ከፍተው ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ፔርሙዙን ያኖሩት መበለቷ እንዲሰቀሉበት ነው።»

የኪራጉ ሳቅ ፊታቸው ላይ ደረቀ። «በምርጫ ዋዜማ…» አሉ፣ «በሕዝብ ፊት ሌባ ሊለኝ! እመልሰው ነበር እኮ!»

ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ስለ ራሳቸው ስም ማልቀሳቸው ማንንም አላሳዘነም። ካቴናው ለእርሳቸው ሆነ።

ዋሩጉሩ ወደ ፓስተሩ ዞረች። «በሩ እንደ ጥንቱ ሁለት ቁልፍ ቢኖረው፣ ሁለተኛው በማማ እጅ ይሆን ነበር። ሬሳውም ከደጅ ይቀር ነበር። መንገዱን የጠረጉለት እርስዎ ነዎት።»

ሙቺሪ ወደ ማማ ዋማይታ ቀርቦ አንገቱን ደፋ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ጮክ በል እንጂ ልጄ» አሉት። «ስትከሰኝ እኮ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

ፓስተሩ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ድምፁ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

«ተሳስቻለሁ። በእርሳቸውም፣ በቁልፉም ተሳስቻለሁ።»