የአልጋ ወራሹ ጆሮ

በአየርላንድ፣ በባሕሩ ዳር፣ ያረጀው ንጉሥ ኬላች የንግሥናውን ነጭ በትር ሊያስረክበው የነበረው የወንድሙ ልጅ ኮናንግ፣ ግራ ጆሮው ተቆርጦ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ታናሽ ወንድሙ ዱንላንግ ወዲያው ታሰረ። ከኮናንግ ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው፤ ቅናቱንም በጠጣ ቁጥር ሲለፈልፈው ኖሯል። ውሃው ሲሞላ መቅዘፊያ በሌላት ጀልባ ወደ ባሕር ሊገፉት ነው።

አሮጊቷ ዳኛ ላሳር የቁስሉን ጨርቅ ገለጠች። ከሥሩ ማር የተቀባ ሱፍ አለ። አልጋው አጠገብ የነበረውን የጠጅ ዋንጫ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

«ወንድምህን ትጠላው ነበር?» አለችው ዱንላንግን።

«አዎ እማማ! ጥሩው ፈረስ የእሱ፣ ጭብጨባውም የእሱ። ግን አልገደልኩትም!»

«ይሄን አፍህን ዘግተህ ብትጠጣ ኖሮ ማን ያስርህ ነበር፣ ቂል!»

የሟች ሚስት ጎርምላ ፀጉሯን በትና ተቀምጣለች።

«ሲነግሥ የጎረቤቱን ንጉሥ ልጅ ሊያገባብሽ ነበር አሉ» አለቻት ላሳር።

«ለአገር ሰላም ነው እማማ። ምን እላለሁ?»

«ቆንጆ ናት?»

«ጥርሷ የፈረስ ነው!» አለች ጎርምላ ቶሎ ብላ።

ላሳር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበች።

«አካሉ የጎደለ ሰው እኛ ዘንድ አይነግሥም። ጆሮውን የቆረጠው ሰው ንግሥናውን ሊያሳጣው ነው።»

«እኮ ዱንላንግ ነዋ!» ጮኸ ኬላች።

«ልጨርስ፣ ንጉሥ ሆይ! ቁስሉ ብዙ ደምቷል፤ ሬሳ እንዲያ አይደማም። በሕይወት ሳለ ነው የተቆረጠው። ግን አልታገለም፤ አንሶላው እንኳ አልተጨማደደም። ጠጁ ውስጥ የሚያስተኛ ሥር አለበት። ቆራጩ ሲያመው ማየት አልፈለገማ! ከዚያም ማር ቀብቶ አሰረለት። ሊገድል የመጣ ቁስል ያክማል? ዱንላንግ ቢሆን እንኳን ማር፣ ውሃም አይረጭለትም ነበር። ሥሩ በዝቶ ነው የሞተው። አሁን ንገሩኝ፤ ኮናንግ እንዲኖር፣ ግን እንዳይነግሥ የሚፈልግ ማን ነው? ካልነገሠ ሌላ ሙሽራ የማትመጣባት ማን ናት?»

ሁሉም ወደ ጎርምላ ዞረ። የዱንላንግ ገመድ ተፈታ።

«መንቃት ነበረበት» አለች ጎርምላ ቀስ ብላ። «ነቅቶ ይርገመኝ፣ ይምታኝ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ጆሮ ባይኖረውም የእኔ ይሆናል ብዬ።»

ጠባቂዎቹ ክንዷን ሲይዟት ወደ ላሳር ዞረች።

«እማማ፣ ያቺ ባለ ፈረስ ጥርስ ለቀብሩ ትመጣለች እንዴ?»