ሲወጣ ምንም የማያስቆም

የደም ባንኩን አሮጌ የጃቫ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከሂሜና በቀር ደፍሮ የሚነካው አልነበረም። ሰባት ዓመት አስታማዋለች። የዋና ከተማዋ የሞንቴቪዴዮ ሆስፒታሎች ደም ሲጠይቁ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ባኮረፈ ቁጥር እሷ ከምሳዋም ከእረፍቷም ትጠራለች።

ኤሊሴዮ በመጋቢት የመጣው ለሦስት ወር ብቻ ነበር። ሥራው የትኛው የደም ከረጢት የት እንዳለ የሚያሳይ አዲስ የድረ ገጽ ሰሌዳ አሮጌው ፕሮግራም ውስጥ መሰካት ነው። የባንኩ ኃላፊ ዶክተር ግላዲስ አንድ ነገር አጥብቀው አስጠነቀቁት፤ ሰሌዳው ሲገባ አሮጌውን እንዳይነካ፣ አንድ ቀን ተነቅሎ ሲወጣም ምንም እንዳያስቆም።

«እንደ ጨዋ እንግዳ» አለ ኤሊሴዮ።

ሂሜና ያን ቀን አልወደደችውም። የታመመ ሕፃን እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ ፕሮግራሟን ሲያነብ ባየችው ጊዜ ግን ልቧ ሸፈተ። ከዚያ ወዲህ ማቴዋን፣ ያን መራራ የቅጠል ሻይ፣ ከእሱ ጋር በአንድ ቀሰም ትጠጣ ጀመር። እሱ ሲመጥ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ የእሷ ደግሞ እሱ ላይ።

«ስትጨርስ የት ልትሄድ ነው?»

«ሪቬራ፣ እናቴ ጋ። ዓይኗ ደክሟል። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።»

ሪቬራ የአገሩ ጫፍ ነው፤ በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ሂሜና ማቴውን ሞላች።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። ደግነቱ የሚፈተሸው በፕሮግራሙ ቅጂ ላይ ነበር። ሰሌዳው ገባ፤ አማረ። ኤሊሴዮ እንዲወጣ አዘዘው። ወጣ፤ አሮጌው ፕሮግራምም አብሮት ቆመ።

ዶክተር ግላዲስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምነው ልጄ? ይሄ እኮ ደም ነው።»

ኤሊሴዮ የለውጦቹን መዝገብ ገለጠ። አሮጌው ፕሮግራም ውስጥ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ሰሌዳው ከሌለ አልሠራም የሚል። ከጎኑ የጻፈው ሰው ስም አለ፤ ሂሜና። ቀና ብሎ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ለዶክተሯ። «እስከ ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«ለዚህ ነው ሦስት ወር የጠበቅኩህ?» ብለው ወጡ። ሊጽፉለት ቃል የገቡለትን የድጋፍ ደብዳቤም ከዚያ በኋላ አላነሱትም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺስ ለምን አሰርሽው?»

«ሰሌዳው ካልወጣ ሥራህ አያልቅም፣ አትሄድም ብዬ ነው።» ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። «ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ደም በሚጠብቅ ሰው ላይ ነው የቀለድኩት። እወድሃለሁ። አፌ እምቢ ቢለኝ እጄ ጻፈው።»

መስመሩን ራሷ ሰረዘችው። ሰሌዳው ገባ፣ ወጣ፤ ምንም አልቆመም።

«እኔም እወድሻለሁ» አላት። «እናቴን ግን መተው አልችልም። አንቺስ፣ ሂሜና? አንቺ ብትወጪ ምን ይቆማል?»

«ሁሉም» አለችው። እውነቷን ነበር።

አርብ ዕለት ሄደ። ቅዳሜና እሑድ አለቀሰች። ሰኞ ግን የሥራ ባልደረባዋን ኤስቴላን አጠገቧ አስቀመጠቻት። በእሷ ጭንቅላት ብቻ የነበረውን የፕሮግራሙን አመልና ጣጣ አንድ በአንድ ጻፈች፣ አስተማረች። ስልክ ሲጠራ እየቆጫትም ቢሆን ኤስቴላ እንድታነሣ ተወችላት። ስምንት ወር ፈጀባት።

«ሴትዮ፣ ሂጂልኝ እንግዲህ» አለቻት ኤስቴላ አንድ ጠዋት። «አሁንማ የምትቆዪው ማቴዬን ለመጨረስ ነው።»

ወደ ሪቬራ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰባት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ከደም ባንኩ ማንም አልደወለም። ሰባት ዓመት የለፋችበት ነገር ያለ እሷ መሄዱ ትንሽ አስለቀሳት።

መናኸሪያው ላይ፣ እንደምትመጣ ነግራው ስለነበር፣ ኤሊሴዮ እናቱን በክንዱ ደግፎ ቆሟል። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ።

«ያቺ አሳሪዋ ይቺ ናት?»

«ራሷ ናት፣ እማዬ።» ከዚያ ወደ ሂሜና ዞረ። «ምን ቆመ?»

«ምንም» አለችው፤ ሻንጣዋንም መሬት ላይ አስቀመጠች።